በዳኑብ የወንዝ መርከብ የአንድ ቀን መመሪያ፦ ከሜልክ እስከ ዱርንሽታይን

ከጀርመኗ ፓሳው ተነሥተው ወደ ቪየናና ቡዳፔስት የሚወርዱ የወንዝ መርከቦች ብዙውን ጊዜ አንድ ቀናቸውን ለቫካው ይሰጣሉ። ቫካው በኦስትሪያ ከሜልክ እስከ ክሬምስ የሚዘልቅ 36 ኪሎ ሜትር ያህል የዳኑብ ሸለቆ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ጠዋት ገዳም ይጎበኛል፣ ከሰዓት በኋላ ትንሽ ከተማ። ብዙ ተጓዥ የሚያመልጠው ግን በሁለቱ መካከል ያለው አንድ ሰዓት ተኩል ነው። መርከቡ የሸለቆውን ምርጥ ክፍል የሚያቋርጠው ልክ ምሳ በሚቀርብበት ሰዓት ስለሆነ፣ ሰው ሾርባውን ሲጠጣ ሸለቆው ያልፋል። እኛ ያ ሰዓት የቀኑ ልብ ነው እንላለን፤ ከዚህ በታች ያለው ዝግጅትም አብዛኛው እሱን ለማትረፍ ነው።

የተጠቀሱት ሰዓቶች ወደ ታች ለሚወርድ መርከብ የተለመዱት ናቸው። የእርስዎ መርከብ ግማሽ ሰዓት ሊቀድም ወይም ሊዘገይ ስለሚችል ካቢንዎ ውስጥ የሚቀመጠውን ወረቀት ይመኑ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከዋዜማው ምሽት

ከራት በፊት፣ ብዙ ጊዜ 18:45 ላይ፣ የጉዞው ኃላፊ የነገውን ፕሮግራም በትልቁ ሳሎን ያስረዳል። አይቅሩ። ወረቀቱ ላይ የማይጻፈው ነገር የሚነገረው እዚያ ነው፤ መርከቡ የትኛው መቆሚያ ላይ እንደሚያርፍ፣ ከሌላ መርከብ ጎን ይታሰር እንደሆነ፣ ውሃው ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ፕሮግራሙ ይለወጥ እንደሆነ።

ከዚያ ሰዓቱን ያስተካክሉ። መርከቡ በ24 ሰዓት ይቆጥራል። ከ07:00 እስከ 18:59 ባለው ላይ 6 ይቀንሱ፤ 08:30 ከጠዋቱ 2:30፣ 14:00 ከቀኑ 8 ሰዓት ይሆናል። ከ19:00 ጀምሮ ደግሞ 18 ይቀንሱ። ስሕተቱ የሚመጣው ልጅ ለእናቱ ወይም ለአባቱ ሲያስተረጉም ነው። አስጎብኚው በእንግሊዝኛ ከሰዓት በኋላ «ፋይቭ» ላይ ተመለሱ ይላል፣ ልጅየው ቃሉን እንዳለ «አምስት ሰዓት» ብሎ ያቀብላል። በእኛ አምስት ሰዓት ከቀትር በፊት ነው፣ መርከቡ የሚጠብቀው ግን እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። ለአዛውንቶች ሰዓቱን በእኛ አቆጣጠር ለውጠው በትንሽ ወረቀት ጽፈው ይስጧቸው። ከአዲስ አበባ የመጡ ከሆነም ስልክዎ ሰዓቱን በራሱ መለወጡን ይመልከቱ፤ ኦስትሪያ በበጋቸው ከኢትዮጵያ 1 ሰዓት፣ በክረምታቸው 2 ሰዓት ወደ ኋላ ናት።

ሦስተኛው ነገር ምግብ ነው። የሚጾሙ ከሆነ ለምግብ ቤቱ ኃላፊ በዋዜማው ይንገሩ፤ ጠዋት ገበታ ላይ መናገር አይጠቅምም፣ ወጥ ቤቱ ሥራውን ጨርሷል። «ቬጀቴሪያን» ካሉ አይብና እንቁላል ይቀርብልዎታል፤ ትክክለኛው ቃል «ቬጋን» ነው። እሱን ብለውም ቢሆን ስለ ሾርባው ይጠይቁ፣ በዚህ አገር ሾርባ በቅቤና በክሬም ማወፈር የተለመደ ነውና። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾም ሰው ምሳውን እንዲያስቀምጡለት ያስቀድም፤ በ15:00 መርከቡ ዱርንሽታይን ቆሞ ስለሚሆን ተመልሶ መብላት ይቻላል። የአሳማ ሥጋ የማይበላ ደግሞ ሦስት የጀርመንኛ ቃላት ይያዝ፦ ሽቫይን የአሳማ ሥጋ፣ ሺንከን ሃም የሚባለው የአሳማ ጭን፣ ሽፔክ የተጨሰ የአሳማ ሥጋ ነው። ሽፔክ ተከትፎ ድንች ሰላጣና ጎመን ውስጥ ስለሚገባ በዓይን አይለይም።

ከመተኛትዎ በፊት የአስጎብኚውን ድምፅ የሚያሰማዎትን የጆሮ ማዳመጫ ትንሽ ሳጥን በካቢንዎ ካለው መሙያ ላይ ይሰኩ፣ መብራቱ መብራቱንም ያረጋግጡ። ግማሽ የተሞላ ሳጥን ገዳሙ መሐል ይሞታል። የመርከቡ ሶኬት የአውሮፓው ሁለት ክብ ቀዳዳ ነው። ከኢትዮጵያ የመጣ አብዛኛው መሙያ ያለ ችግር ይገባል፣ ከአሜሪካ የመጣ ግን ማስማሚያ ይፈልጋል።

ለቀኑ የሚያዘው ቦርሳ ትንሽ ይሁን። የመርከቡ ካርድ፣ የጆሮ ማዳመጫው፣ የፓስፖርት ፎቶ ኮፒ (ዋናውን ብዙ ጊዜ ሪሴፕሽን ይይዘዋል)፣ የዕለቱ መድኃኒት፣ የንፋስ ጃኬት፣ የውሃ ጠርሙስ፣ ለሕዝብ መጸዳጃ ቤት ጥቂት የዩሮ ሳንቲም። በኦስትሪያ የቧንቧ ውሃ ይጠጣል፣ ጠርሙሱን ካቢን ውስጥ መሙላት ይበቃል። የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከመርከቡ ላይ ሐኪም አገኛለሁ ብሎ አይተማመን፣ በወንዝ መርከቦች ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሐኪም የለም።

06:30፣ የሜልክ ሎክ

ንጋት ላይ መርከቡ ይንገጫገጫል፣ መስኮትዎ በድንገት በእርጥብ ግንብ ይሸፈናል። አደጋ አይደለም። ዳኑብ በኦስትሪያ በብዙ የኃይል ማመንጫ ግድቦች የተቆረጠ ስለሆነ መርከብ ከአንዱ ከፍታ ወደ ሌላው የሚወርደው ሎክ በሚባል በር ባለው የውሃ ክፍል ነው። ኦስትሪያ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ 24 ሜትር ስፋትና 230 ሜትር ርዝመት ስላላቸው ሁለት የመንገደኛ መርከቦችን ጎን ለጎን ያስገባሉ። የእርስዎ መርከብ 11.4 ሜትር ገደማ ብቻ የሰፋው በዚህ ምክንያት አይደለም፤ ዳኑብን ከማይን ወንዝ ጋር በሚያገናኘውና እ.ኤ.አ. በ1992 በተከፈተው ቦይ ውስጥ ያሉት ሎኮች 12 ሜትር ብቻ ስለሆኑ ነው። ካቢኖቹ የጠበቡትም ከዚያው የተነሣ ነው።

ማየት ከፈለጉ ጃኬት ደርበው ወደ ሰገነቱ ይውጡ፤ ከመግቢያው እስከ መውጫው ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል። አንድ ነገር በጥብቅ፦ እጅዎን ወይም ስልክዎን ከመደገፊያው አጥር ውጭ አያውጡ። በመርከቡና በግንቡ መካከል ያለው ክፍተት ከስንዝር ሊያንስ ይችላል፣ መርከቡም ይወዛወዛል። ልጅ ካለ እጁን ይያዙት።

ቁርስ ከ07:00 ጀምሮ ነው። 07:45 ላይ ሁሉም አንድ ላይ ስለሚወርድ እንቁላል የሚጠበስበት ቦታ ረጅም ሰልፍ ይሠራል፤ 07:10 የወረደ በሰላም ይበላል።

08:30፣ ከመርከቡ መውረድ

ሲወርዱ ካርድዎን መውጫው ላይ ካለው ማሽን ያስነኩ። ይህን ያልፈጸመ ሰው መርከቡ ውስጥ እንዳለ ይቆጠራል፤ ቢቀርም ማንም አይፈልገውም። ስለዚህ ሰልፉ ቢያስቸኩልዎ እንኳ ድምፁን ሳይሰሙ አይለፉ።

መቆሚያው ጠቦ መርከቦች ጎን ለጎን ከታሰሩ በሌላው መርከብ ሳሎን በኩል አልፈው ነው ወደ መሬት የሚደርሱት። ሁለት ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጋረጃዎን ዘግተው ይውጡ፣ የጎረቤቱ መስኮት ከእርስዎ አንድ ክንድ ላይ ነው። የመቆሚያውን ቁጥርና የመርከብዎን ስም ደግሞ በስልክዎ ፎቶ ያንሡ፤ እርስዎ ገዳም ሳሉ መርከቡ ለሌላው ቦታ ለመልቀቅ ሊንቀሳቀስ ይችላል፣ ከሩቅ ሲታዩም ሁሉም አንድ ዓይነት ናቸው።

ተጓዦች በቁጥር ይከፋፈላሉ፣ አስጎብኚው ቁጥሩ የተጻፈበትን ምልክት ከፍ አድርጎ ይይዛል። ብዙ መርከቦች ቀስ ብለው ለሚሄዱ የተለየ ቡድን አላቸው። ጉልበት ለሚያማቸው ወላጆች ያንን ይምረጡ እንጂ «ከልጆቼ አልለይም» ብለው በፈጣኑ ቡድን ውስጥ አይሰቃዩ፤ የሚታየው አንድ ነው።

የሜልክ ገዳም

ገዳሙ ከወንዙ በላይ ባለ ቋጥኝ ላይ ቆሟል። የቤኔዲክት ሥርዓት መነኮሳት የገቡበት እ.ኤ.አ. በ1089 ነው፤ ዛሬ የሚታየውን ቢጫ ሕንፃ ያኮብ ፕራንድታወር የተባለ መሐንዲስ በ1702 ጀመረው፣ ሥራው እስከ 1736 ቀጠለ። ቡድኑን አውቶቡስ ወደ ላይ ያወጣዋል፤ በእግር ከመቆሚያው 25 ደቂቃ ያህል ነው፣ የመጨረሻው ክፍል ዳገትና ደረጃ አለው። ሲወጡ በአውቶቡስ፣ ሲመለሱ በከተማዋ በኩል በእግር ቢሆን ለጉልበትም ለዓይንም ይሻላል።

ጉብኝቱ አንድ ሰዓት ያህል ሲሆን ቅደም ተከተሉ የታወቀ ነው። መጀመሪያ 196 ሜትር የሚረዝመው የንጉሠ ነገሥቱ ኮሪደር፣ ከዚያ የሙዚየሙ ክፍሎች፣ የእብነ በረድ አዳራሹ፣ ወደ ዳኑብ የሚያሳየው ክፍት ሰገነት፣ ቤተ መጻሕፍቱ፣ መጨረሻ ላይ ቤተ ክርስቲያኑ። ክፍሎቹ ውስጥ ፎቶ ማንሳት ስለማይፈቀድ ካሜራዎን ለሰገነቱ ያቆዩ። 100,000 ያህል መጻሕፍት ያሉት ቤተ መጻሕፍት ጠባብ ነው፣ ከኋላ የሚመጣው ቡድንም ይገፋል፤ ስለዚህ ሲገቡ በቀጥታ ወደ መሐሉ ይሂዱ፣ በሩ ላይ የቆመ ሰው ትከሻ ብቻ አይቶ ይወጣል። ከዚያ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ የሚያወርደው ጠባብ ጠመዝማዛ ደረጃ ነው። ምርኩዝ የሚይዙ ሰዎች አስጎብኚውን ቀድመው ይንገሩት፣ ሌላ መንገድ ያሳያቸዋል።

ገዳሙ የጌታን መስቀል ክፋይ ይዟል የሚባል፣ በወርቅና በዕንቁ የተሠራ መስቀል አለው። ግሸን ማርያምን የሚያውቅ ሰው ስለ እሱ መጠየቁ አይቀርም፤ አስጎብኚዎች ካልተጠየቁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያልፉታልና ይጠይቁ። በቤተ ክርስቲያኑ የጎን መንበሮች ላይ በመስታወት ውስጥ የከበረ ልብስ የለበሱ የቅዱሳን አጽሞች አሉ፤ ትንንሽ ልጆች እንዳይደነግጡ አስቀድሞ መንገር ጥሩ ነው። ጫማ አይወልቅም፣ ወንዶች ግን ቆባቸውን ያወልቃሉ።

የጆሮ ማዳመጫው መንጫጫት ሲጀምር ማስጠንቀቂያ ነው፤ ከአስጎብኚው ርቀዋል ወይም ግድግዳ ጋርዷችኋል ማለት ነው። ድምፁ ጨርሶ ከጠፋ ለብቻዎ አይዙሩ፣ ቡድኑ መጨረሻ ላይ የሚወጣው በቤተ ክርስቲያኑ ስለሆነ እዚያ ይጠብቁ።

12:00፣ የቀኑ ልብ

11:30 ሁሉም መርከቡ ላይ መሆን አለበት፣ 12:00 መርከቡ ይነሣል። ከሜልክ እስከ ክሬምስ ግድብ የለም፣ ወንዙ በተፈጥሮው ይፈሳል፣ ለዚህም ነው ሸለቆው እንደ ድሮው የቆየው። እስከ ዱርንሽታይን ያለው 27 ኪሎ ሜትር አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል።

በወንዙ ዳር ትልልቅ የኪሎ ሜትር ቁጥሮች ያያሉ። የዳኑብ ኪሎ ሜትር የሚቆጠረው ከጥቁር ባሕር ነው፣ ስለዚህ ሲወርዱ ቁጥሩ ይቀንሳል፦ ሜልክ 2036 ገደማ፣ ዱርንሽታይን 2009 ገደማ። ይህን ያወቀ ሰው የማስታወቂያ ድምጽ ማጉያ አያስፈልገውም።

ምሳውን እንዲህ ያድርጉት። መርከቡ ሲነሣ ሰገነቱ ላይ ፊትዎን ወደ ኋላ አዙረው ይቁሙ፤ ሜልክ ከውሃ ላይ የምታምረው ሲርቋት ነው። በቀኝ ከወንዙ ጠርዝ በቋጥኝ ላይ የተቀመጠው የሾንቢውል ግንብ ካለፈ (2032) ወደ ታች ይውረዱና ሾርባና ዳቦ ወይም ሰላጣ ብቻ ይብሉ። አብዛኞቹ መርከቦች ፊት ለፊት ባለው ሳሎን ቀለል ያለ ምሳ ያቀርባሉ፣ በዋናው ምግብ ቤት ከሚቀመጡ እዚያ ይብሉ፤ ዋናው ምግብ ቤት አራት ዙር ምግብ ሲያቀርብ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ቁጥሩ 2027 ሲደርስ ሳህንዎን ትተው ይውጡ። ኬክና ቡና ዱርንሽታይን ከደረሱ በኋላም ይገኛል።

ከዚህ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ያህል ነው፣ ከሰገነቱ አይንቀሳቀሱ። በ2025 በቀኝ፣ ከወንዙ 300 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ የአግሽታይን ፍርስራሽ አለ። ወዲያው በግራ የቪለንዶርፍ መንደር ይመጣል፤ ከሥነ ጥበብ ታሪክ መጻሕፍት የማይጠፋው 11 ሴንቲ ሜትር የሚያህል የድንጋይ ሴት ምስል እ.ኤ.አ. በ1908 የተገኘው እዚያ ነው፣ ምስሉ ራሱ አሁን ቪየና የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ውስጥ ይገኛል። በ2019 በግራ ሽፒትስ፤ ያለ ሞተር በገመድ ተይዞ በወንዙ ግፊት ብቻ የሚሻገረውን ጀልባ ይመልከቱ። በ2013 በግራ ቫይሰንኪርሸን። ከሽፒትስ ጀምሮ ተራራው ሁሉ በድንጋይ ካብ የተደረደረ የወይን እርከን ነው። ኮንሶን ያየ ሰው ወዲያው ያውቀዋል፤ ያለ ጭቃና ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ የተካበ ነው፣ ካቡም በየዓመቱ ይጠገናል።

አብዛኛው ነገር በግራ ስለሆነ ወንበርዎን በግራ በኩል፣ ከመሐል ወደ ፊት ያድርጉ። ጫፍ ላይ ንፋሱ ዓይን ያስለቅሳል፣ ኋላ ደግሞ የሞተሩ ድምፅ አለ። በሐምሌ ሙቀት እንኳ ጃኬት አይቅር። ከቪየና ወደ ላይ የሚወጣ መርከብ ላይ ከሆኑ ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል፣ ግራው ቀኝ ይሆናል፣ ከወንዙ ጋር ስለሚታገልም ጊዜው ይረዝማል፤ ለዓይን ይህ ትርፍ ነው።

14:00፣ ዱርንሽታይን

መቆሚያው ከከተማዋ ሥር ነው፣ አውቶቡስ አያስፈልግም። ሰማያዊና ነጭ የሆነው የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ከወንዙ ይታያል። ዋናው መንገድ ኮብልስቶን ስለሆነ ተረከዝ ያለው ጫማ አይሆንም።

ከከተማዋ በላይ ያለው ፍርስራሽ የእንግሊዙ ንጉሥ ሪቻርድ፣ አንበሳ ልብ የሚባለው፣ ከመስቀል ጦርነት ሲመለስ በኦስትሪያው መስፍን ሊዮፖልድ 5ኛ ተይዞ ከ1192 መጨረሻ እስከ 1193 መጀመሪያ የታሰረበት ግንብ ነው። በእኛ አገር ንጉሥ ላሊበላ የነገሠበት ዘመን ነው። ለመውጣት ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይወስዳል፣ ዳገቱ ጭው ያለ ነው፣ የሚንሸራተት ጠጠርም አለው፤ ከዘነበ በኋላ ይተዉት። መውጣት የሚፈልግ ሰው ወይን ከመቅመሱ በፊት ይውጣ። ይህ ቅደም ተከተል ሲገለበጥ ቁርጭምጭሚት ይዞራል፣ ከመርከቡ የሚወርድ ቡድንም ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው መጀመሪያ መቅመሻው ላይ ነው።

ወይኑን በተመለከተ፣ የአካባቢው አምራቾች ነጩን ወይን በሦስት ስም ይለዩታል፦ ሽታይንፌደር እስከ 11.5 በመቶ አልኮል፣ ፌደርሽፒል ከ11.5 እስከ 12.5፣ ስማራግድ ከ12.5 ጀምሮ። ቀን ለቀን ለሚጠጣ የመጀመሪያው ይበቃል። ወይን የማይጠጣ የአፕሪኮት ማርማላታ ይግዛ፤ የሸለቆው ሌላው ታዋቂ ምርት እሱ ነው፣ እዚህ ማሪለ ይሉታል። ዛፎቹ በመጋቢት መጨረሻና በሚያዝያ መጀመሪያ ያብባሉ፣ ፍሬው በሐምሌ ይደርሳል (ወሮቹ በእነሱ ናቸው)።

17:00 መመለሻ ከሆነ 16:40 ወደ መቆሚያው ይውረዱ። ቢያመልጥዎ በመጀመሪያ ካርድዎ ጀርባ ወይም ወረቀቱ ላይ ያለውን ስልክ ይደውሉ፣ ከዚያ በኋላ ይንቀሳቀሱ። ከዱርንሽታይን ክሬምስ በአውቶቡስ ወይም በታክሲ ሩብ ሰዓት ያህል ነው፣ ከክሬምስ ቪየና በባቡር አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል። መርከቡ ቪየና የሚደርሰው ሌሊት ላይ ስለሆነ ቀድመውት ይደርሳሉ። ለሕመምና ለአደጋ ቁጥሩ 112 ነው።

ውሃው ሲጎድል ወይም ሲሞላ

ቫካው ግድብ ስለሌለው የውሃው ከፍታ በቀጥታ ይነካዋል፤ የመርከብ አዛዦች ኪንሽቶክ የሚባለውን መለኪያ በየዕለቱ የሚያዩት ለዚህ ነው። ውሃው ሲጎድል መርከቡ ከሥር ይነካል፣ ሲሞላ በድልድይ ሥር አያልፍም፣ ከተወሰነ ከፍታ በላይ ደግሞ ጉዞው በሕግ ይቆማል። ያኔ ሸለቆውን በአውቶቡስ ያሳያሉ። በአውቶቡስ ከሆነ በሰሜኑ ዳር፣ ማለትም በሽፒትስና በቫይሰንኪርሸን በኩል፣ የሚሄደውን መንገድ እንዲይዙ ኃላፊውን ይጠይቁ፤ ከሜልክ ወደ ክሬምስ ሲሄዱም በቀኙ መስኮት ይቀመጡ፣ ወንዙ በዚያ በኩል ነው።

የኢትዮጵያ ፓስፖርት ይዞ የሚጓዝ ሰው ከፓሳው እስከ ቡዳፔስት በአንድ የሼንገን ቪዛ ይሄዳል። መርከቡ ወደ ቤልግሬድ የሚቀጥልና ተመልሶ ሼንገን የሚገባ ከሆነ ግን ቪዛው ብዙ ጊዜ የሚያስገባ መሆኑን ትኬት ከመክፈልዎ በፊት ያረጋግጡ፤ ሰርቢያ ከሼንገን ውጭ ናት፣ አንዴ ብቻ የሚያስገባ ቪዛ እዚያ ሲወጡ ያበቃል። ሰርቢያ የራሷን መግቢያ ፈቃድም ልትጠይቅ ስለምትችል ይህንንም አብረው ያጣሩ።

ምሽት ላይ ድልድዮቹ ዝቅ ሲሉ አዛዡ የሚቆምበት ክፍል ወደ ታች ይወርዳል፣ ሰገነቱም ይዘጋል። ከዱርንሽታይን እስከ ቪየና መርከቡ በአልተንቨርትና በግራይፈንሽታይን ሎኮች ስለሚወርድ በሌሊት ግንቡን ሲታከክ ይሰማሉ። እንቅልፍዎ ቀላል ከሆነ የጆሮ መድፈኛ ከአልጋው አጠገብ ያድርጉ፣ የጆሮ ማዳመጫውንም ሳጥን እንደገና መሙያው ላይ ይሰኩ።